«ወሬ» ድሮ ጋዜጣ ላይ ምን ነበር? አፈላለጉ እንዲህ ነው

ከጥቂት ዓመታት በፊት ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ቁጭ ብለን የአንድ አሮጌ ጋዜጣ ፎቶ ለጓደኞቼ በስልኬ አሳየሁ። ገጹ ላይ «የውጭ አገር ወሬ» ይላል። ሳቅን። «ራሳቸው አመኑ እኮ፣ የምንጽፈው ወሬ ነው አሉ» ብዬ ቀለድኩ። አጠገባችን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሻይ የሚጠጡ ሽማግሌ ነበሩ። ዞር አሉና «ልጄ፣ ያን ጊዜ ወሬ ማለት የዛሬው ዜና ነው። አሁንስ ቢሆን ‹ደግ ወሬ ያሰማን› ትል የለ? ሐሜት ያሰማን ማለትህ ነው?» አሉኝ።

አፈርኩ። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃሉን አልለቅ አልኩ። አሮጌ ጋዜጣ ባገኘሁ ቁጥር «ወሬ»ን እፈልጋለሁ፣ እገለብጣለሁ፣ እቆጥራለሁ። ስሠራ ብዙ ጊዜ ተሳስቻለሁ። እናንተ ያንኑ ስሕተት እንዳትደግሙ የምሠራበትን መንገድ ልንገራችሁ። «ወሬ»ን ባትፈልጉትም «ጓድ» በሉት፣ «አርበኛ» በሉት፣ «ሥልጣኔ» በሉት፣ ለየትኛውም ቃል መንገዱ ያው ነው።

አንድ፦ ከጋዜጣው በፊት የራሳችሁን ጆሮ ፈትሹ

ወረቀት አውጡና ቃሉን ዛሬ እንዴት እንደምትጠቀሙበት ጻፉ። መዝገበ ቃላት አትክፈቱ፣ ገና ነው። እኔ ስጽፍ ሁለት ክምር ወጣልኝ። አንደኛው ክፉው ነው፦ ወሬኛ፣ ነጭ ወሬ፣ የበሬ ወለደ ወሬ፣ «ወሬ ብቻ!»። ሁለተኛው ደግሞ ምንም ክፋት የለበትም፦ «ምን ወሬ አለ?»፣ «የአገር ቤት ወሬ ንገረኝ»፣ «ሱዳን ከገባ ወዲህ ወሬው ጠፋ»። ልጁ የሄደባት እናት «ወሬው ጠፋ» ስትል ሐሜቱ ናፈቀኝ ማለቷ አይደለም። የልጄን ደኅንነት የሚነግረኝ አጣሁ ማለቷ ነው።

ይኼ ሁለተኛው ክምር ነው የድሮው ጋዜጣ ቁልፍ። የቆየው ትርጉም አልሞተም። ሰላምታና ምርቃት ውስጥ ተጠግቶ አለ። የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 24 ላይ «የጦርንም ወሬ» የሚለውንም አስቡት። ዜና ነው ጭምጭምታ? ሁለቱንም ይሸከማል፣ እና እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ቸኩላችሁ አትወስኑ።

እዚህ ጎንደር ደግሞ ነገሩ ለመገመት ቀላል ነው። ጋዜጣ ሳይኖር ወሬ የሚመጣው በሰው እግር ነበር። ከመተማ በኩል፣ ከምጽዋ በኩል የሚገባ ሲራራ ነጋዴ ጨውና ጨርቅ ብቻ አያመጣም። የት ጦር እንዳለ፣ የት እህል እንደረከሰ፣ የትኛው መንገድ እንደተዘጋ እሱ ነው የሚያውቀው። አዲስ ዓለም ሠፈር ለነበሩት ነጋዴዎች ትክክለኛ ወሬ ማለት የሸቀጣቸው ዕጣ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በንቀት አይጠራም። ስለዚህ ጋዜጣ ሲመጣ ሰው የሚያውቀውን ቃል ይዞ ቢገባ ምን ይገርማል?

ሁለት፦ የጋዜጦቹን ዘመን በአንድ ገጽ አስቀምጡ

ዝርዝር ታሪክ አያስፈልጋችሁም። ምሰሶዎቹን ብቻ። በአፄ ምኒልክ ዘመን ግሪካዊው እንድርያስ ካቫዲያስ የጀመረው «አእምሮ» አለ፣ መጀመሪያ በእጅ እየተገለበጠ ነበር የሚሠራጨው። ከዚያ በራስ ተፈሪ ጊዜ በ1917 የወጣው ሳምንታዊው «ብርሃንና ሰላም»። በጣሊያን ወረራ ዘመን «የቄሳር መንግሥት መልእክተኛ» የሚባል በአማርኛ ይታተም ነበር። ከነፃነት በኋላ «አዲስ ዘመን»፣ የመጀመሪያው ዕትም ግንቦት 30 ቀን 1933። ከ1967 ጀምሮ የደርግ ዘመን። ከዚያ በ1985 የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34 ሲወጣ እንደ አሸን የፈሉት የግል ጋዜጦች።

በ1934 የጀመረውን ነጋሪት ጋዜጣን እዚህ ውስጥ አትቀላቅሉት። ስሙ ጋዜጣ ቢሆንም የሕግ ማወጃ ነው፣ ቋንቋውም የሕግ ነው። ስሙ ግን ደስ ይለኛል። አዋጅ ሲነገር ይመታ የነበረው ከበሮ ወረቀት ላይ ወጣ ማለት ነው።

ሦስት፦ ወረቀቱን ማግኘት

መጀመሪያ ቤታችሁን ፈትሹ፣ አልቀልድም። የድሮ ጭቃ ቤቶች ግድግዳ በጋዜጣ ይለበጥ ነበር፣ በዱቄት ሙጫ፣ አንዱ በአንዱ ላይ። ልጅ ሆኜ ማንበብ የተለማመድኩት የአያቴ አልጋ ራስጌ ካለው ግድግዳ ላይ ነው፣ ያውም ግማሹ ተዘቅዝቆ የተለጠፈ ስለነበር አንገቴን አጣምሜ። እንዲህ ያለ ግድግዳ ካገኛችሁ ለመላጥ እንዳትሞክሩ። ታጠፉታላችሁ፣ ቤቱንም ታበላሻላችሁ። ባለቤቱን አስፈቅዱ፣ መብራት በጎን በኩል አብሩ፣ ስልካችሁን ከወረቀቱ ጋር ትይዩ ይዛችሁ አንሱ። መጀመሪያ ሙሉውን፣ ከዚያ ቁርጥራጩን። ቀኑ ያለበት የላይኛው ጠርዝ ከተገኘ ወርቅ ነው። ቀን የሌለው ቁራጭ ለመዝናናት እንጂ ለመቁጠር አይሆንም።

ቅዳሜ ገበያ አካባቢ አሮጌ መጽሐፍና ወረቀት የሚሸጡ ካገኛችሁም ጠይቁ። ኦቾሎኒ ይጠቀለልበት የነበረው ጋዜጣ ሁሉ አልቆ አይደለም። የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ስትሄዱ ደግሞ «አሮጌ ጋዜጣ አለ?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ መልሱ «የለም» ነው። «የተጠረዘ የጋዜጣ ጥራዝ አለ?» በሉ። አንዳንዴ አንድ ቃል በር ይከፍታል።

ሥራው ከበዛ ግን አዲስ አበባ መሄድ የግድ ነው። በ1936 የተቋቋመው ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ አለ። ስድስት ኪሎ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምም አለ። ከመሄዳችሁ በፊት መታወቂያና የድጋፍ ደብዳቤ ያዙ። እኔ አንድ ጊዜ ያለ ደብዳቤ ሄጄ ከአንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ተመልሻለሁ። የአውቶቡሱን ድካም ልተወው።

አራት፦ ቀኑን ሳታረጋግጡ ምንም አትጻፉ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። የድሮ ጋዜጣ ቀኑን በግዕዝ አኃዝ ያትማል። ፲፱፻፴፫ ስታዩ፦ ፲ አሥር፣ ፱ ዘጠኝ፣ ፻ መቶ፣ ፴ ሠላሳ፣ ፫ ሦስት፣ ማለትም 1933። አሥራ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ሦስት ብላችሁ እንደምታነቡት ነው የሚጻፈው፣ ስለዚህ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። ቀለሙ ከደበዘዘ ፮ እና ፯፣ ፷ እና ፸ ይምታታሉ። በአሥር ዓመት መሳሳት ማለት ከዚህ አንዱን መንግሥት ከሌላው መቀላቀል ማለት ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ የፈረንጅ ካላንደር ነው። አንዳንድ ካታሎግ ዓመቱን በፈረንጅ ይጽፋል። ከእኛ መስከረም 1 እስከ ፈረንጅ ታኅሣሥ መጨረሻ 7 ቀንሱ፣ ከፈረንጅ ጥር ጀምሮ እስከ እኛ ጳጉሜን 8 ቀንሱ። ቀላል ይመስላል፣ ግን ይኼን የጎንደርን ምሳሌ እዩት። «አዲስ ዘመን» የጀመረው ግንቦት 30 ቀን 1933 ነው። ጎንደር ላይ የመጨረሻው የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው። በፈረንጅ ሁለቱም 1941 ናቸው! ካታሎጉ «1941» ካለ ጎንደር ገና በጣሊያን እጅ እያለች የታተመ ይሁን ነፃ ከወጣች በኋላ የታተመ አታውቁም። «የጎንደር ወሬ» የሚል ነገር ብታገኙ ትርጉሙ በቀኑ ይገለበጣል። ከኅዳር 18 በፊት ከሆነ ጠላት ከያዘው አገር በጭንቅ የተሰማ ነገር ነው። በኋላ ከሆነ ሰው ሄዶ አይቶ የተመለሰበት ሊሆን ይችላል። አንድ ቃል፣ ሁለት ዓይነት እምነት።

አምስት፦ የምትፈልጉትን መልክ ሁሉ ጻፉ፣ የማትፈልጉትንም

አማርኛ ቃሉን ብቻውን አይተወውም። ወሬው፣ ወሬዎች፣ የወሬ፣ በወሬ፣ ስለወሬው፣ ወሬኛ፣ ወሬ ነጋሪ፣ ወሬ አቀባይ። ግሡንም፦ ይወራል፣ ተወራ፣ አስወራ። እነዚህን ሁሉ ደብተር ፊት ገጽ ላይ ጻፏቸው።

አሁን ወጥመዶቹ። «ወሬ» አንዳንዴ «የእኔ ወር» ማለት ነው። ነፍሰ ጡር «ወሬ ገብቷል» ስትል ዜና አልመጣላትም፣ ልትወልድ ነው። ጋዜጣ ላይ ብዙ አያጋጥምም፣ ግን ግጥምና ደብዳቤ ገጽ ላይ ይመጣል። የባሰው «አውራ» (ተናገር ለማለት) ነው። እኔ የተተየበ ጽሑፍ ውስጥ በኮምፒውተር «አውራ» ብዬ ፈልጌ ስንት መቶ አገኘሁ፣ ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ሳየው ሁሉም «አውራጃ» ነው። አውራ ጎዳናም አለ። አውራ ዶሮም አለ።

የቦታ ስም ስትፈልጉም እንዲሁ። የድሮ ጋዜጣ «ጐንደር» ብሎ ነው የሚጽፈው፣ በ«ጐ»። ክፍሉም በንጉሡ ጊዜ «በጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት» ነው፣ በደርግ ጊዜ «ጎንደር ክፍለ ሀገር»። «ጎንደር» ብሎ ብቻ የፈለገ ሰው ከግማሽ በላይ ቢያመልጠው አይግረመው። ቃላቱ መካከል ደግሞ ሁለት ነጥብ ፡ አለ፣ እና በስልክ ፎቶ ተነስቶ በፕሮግራም ወደ ጽሑፍ የተቀየረ ከሆነ ሬ እና ራ እና ሪ ይቀያየራሉ። ዓይናችሁን እመኑ፣ ማሽኑን አትመኑ።

ስድስት፦ ዓረፍተ ነገሩን ሙሉውን ገልብጡ፣ ከዚያ ግሡን ጠይቁት

የሥራው ልብ ይኼ ነው። ቃሉን ብቻ ቆጥራችሁ ብትሄዱ ባዶ እጃችሁን ናችሁ። ደብተር ላይ ዓምድ ሥሩ፦ ቀን፣ ጋዜጣ፣ ገጹ ላይ ያለበት ቦታ (ርእስ ነው? ዜና ነው? የአንባቢ ደብዳቤ ነው? ማስታወቂያ ነው?)፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገሩ፣ አብሮት የመጣው ግሥ። የመጨረሻው ዓምድ ትርጉሙ ነው፣ እሱን ግን ሁሉን ሰብስባችሁ እስክትጨርሱ ባዶ ተዉት። እየገለበጣችሁ ከፈረዳችሁ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሐሳባችሁ ተቆልፎ ያርፋል።

ከዚያ ግሡን እዩ። ወሬ «ደረሰን»፣ «መጣልን»፣ «ተገኘ» ከሆነ ጋዜጣው በእጁ እንደገባ ዕቃ እያየው ነው፣ ዜና ነው። ወሬ «ተነዛ»፣ «ተናፈሰ»፣ «አስወሩ» ከሆነ ጋዜጣው ከራሱ እያራቀው ነው። «ተሰማ» መሐል ላይ ነው፣ እሱን ለብቻ አስቀምጡት።

ቀጥሎ ቅጽሉን እዩ። ይኼን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው፣ ግን ከሁሉ የሚጠቅመኝ እሱ ነው። ጸሐፊው «ሐሰተኛ ወሬ» ብሎ ከጻፈ ተደሰቱ። ለምን? ወሬ ብቻውን ሐሰት ማለት ቢሆን ኖሮ «ሐሰተኛ» ብሎ መጨመር ለምን አስፈለገው? ቅጽሉ የሚነግረን ወሬ ገና እውነትም ሐሰትም ሊሆን የሚችል፣ ገለልተኛ ቃል እንደነበረ ነው። በተቃራኒው «እውነተኛ ወሬ» የሚል መብዛት ከጀመረ ተጠንቀቁ። ቃሉ መቆሸሽ ጀምሯል፣ ጸሐፊው እያጠበው ነው።

ሦስተኛው ፈተና ማፈራረቅ ነው። እኔ ያቀናበርኩትን ምሳሌ እዩ፦ «ከጅቡቲ በደረሰን ወሬ መሠረት ባቡሩ ነገ ይገባል።» «ወሬ»ን አውጡና «ዜና» አስገቡ። ቆመ። «ሐሜት» አስገቡ። ወደቀ፣ በሐሜት መሠረት ባቡር አይጠበቅም። አሁን ሌላ፦ «ሥራ ፈቶች በሚያወሩት ወሬ አንሸበርም።» እዚህ «ዜና» ይወድቃል፣ «ሐሜት» ወይም «አሉባልታ» ይቆማል። ሁለቱም ከቆሙ ወይም ሁለቱም ከወደቁ «ያልለየ» ብላችሁ ጻፉ። የእኔ ደብተር ውስጥ «ያልለየ» ብዙ ነው፣ አላፍርበትም።

መዝገበ ቃላት የምትከፍቱት አሁን ነው። የደስታ ተክለ ወልድ በ1962 የታተመው ለዚህ ዘመን ጥሩ ጓደኛ ነው። ግን ዳኛ አታድርጉት። መዝገበ ቃላት አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የሰማውን ነው የሚነግራችሁ፣ ጋዜጣው ደግሞ በየሳምንቱ የተጻፈውን።

ሰባት፦ ብቻውን አትቁጠሩት

«ወሬ» ወደ ታች የወረደው «ዜና» ወደ ላይ ስለወጣ ነው፣ የእኔ አስተያየት ይኼ ነው። ዜና የግዕዝ ቃል ነው፣ «ዜና መዋዕል» ስንል የነገሥታቱ ታሪክ ነው፣ ፋሲል ግቢ ውስጥ ለኖሩ ነገሥታት የተጻፈው ዓይነት። ክብር ይሸታል። መንግሥታዊ ጋዜጣ ክብር ሲፈልግ ከገበያ ቃልና ከቤተ መንግሥት ቃል የትኛውን ያነሳል? «ዘገባ»ንም እዩት፣ ሥሩ ሀብት ማከማቸት ነው፣ «መዝገብ» ከሱ ነው። ከላይ የመጡት ቃላት ቦታውን ሲይዙ ወሬ ወደ ቡናው ረከቦት ወረደ።

ስለዚህ ሁለቱንም ጎን ለጎን ቁጠሩ። ከየአሥር ዓመቱ ተመሳሳይ ወር ምረጡ፣ ለምሳሌ ሁልጊዜ የየካቲትን። ከየወሩ አራት ዕትም ይበቃል። ቁጥሩን ለገጹ ብዛት አካፍሉ። «አዲስ ዘመን» መጀመሪያ በሳምንት አንዴ ይወጣ ነበር፣ ዕለታዊ የሆነው በኋላ ነው፣ እና የአንድ ወር ጥራዝ ከአንድ ወር ጥራዝ ጋር አይመዛዘንም። እንበል በ4 ገጽ 8 ጊዜ አገኛችሁ፣ በገጽ 2 ነው። በ12 ገጽ 12 ጊዜ ብታገኙ ቁጥሩ ቢበልጥም በገጽ 1 ነው፣ ቀንሷል። ርእስ ላይ ያለውንና ጽሑፍ ውስጥ ያለውን ለየብቻ ቁጠሩ። ርእስ ቶሎ ይቀየራል፣ አዘጋጁ አንድ ቀን ጠዋት ተነስቶ መለወጥ ይችላል። የጸሐፊዎቹ እጅ ግን ልማዱን ቶሎ አይተውም።

ስምንት፦ ማን ነው የማንን «ወሬ» ያለው?

አጭር ግን አደገኛ ጥያቄ ነው። አንድ ጋዜጣ በአንድ ገጽ ላይ የራሱን «ዜና»፣ የባላጋራውን «ወሬ» ካለ ቃሉ ትርጉም ብቻ ሳይሆን ወገንም ይዟል። የወረራውን ዘመንና የደርግን ዘመን ስታነቡ ይኼን ዓምድ ጨምሩ፦ ተናጋሪው ማን፣ ተነጋሪው ማን። በደርግ ጊዜ አጠገቡ «አድሃሪ» ወይም «አሉባልታ» ካለ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። ከ1985 ወዲህ ባሉት የግል ጋዜጦች ደግሞ ነገሩ ይለያል፣ ወሬ ለቀልድና ለጨዋታ ዓምድ ይሆናል። ጸሐፊው ራሱ እየሳቀ «ወሬ» ሲል እንደ ስድብ አትቁጠሩበት።

ዘጠኝ፦ ሽማግሌ ጠይቁ፣ ግን አጠያየቁን እወቁበት

«አባባ፣ ድሮ ወሬ ማለት ምን ማለት ነበር?» ብላችሁ አትጀምሩ። እንዲህ ከተጠየቀ ሰው የሚያስበውን ሳይሆን የሚገባውን ነው የሚመልሰው። ይልቅ ጃን ተከል ዋርካው ጥላ ሥር ወይ ቡና ላይ አረፍ በሉና «ጋዜጣ እዚህ ሳይደርስ የአዲስ አበባን ነገር እንዴት ነበር የምትሰሙት?» በሉ። ቃሉን እናንተ አትጥሩት። እሳቸው ራሳቸው ያመጡታል። እኔ እንዲህ ስጠይቅ አንዲት እማማ ሬዲዮ ያለበት አንድ ቤት ብቻ እንደነበር፣ ማታ ማታ ሠፈሩ በሙሉ ደጁ ላይ እንደሚሰበሰብ ነገሩኝ፣ «ወሬ ልንሰማ» አሉ፣ ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ ምንም እፍረት የለበትም። ወዲያው ዞር ብለው የልጅ ልጃቸውን «አንቺ ወሬኛ፣ ቡናውን ቅጂ እንጂ!» አሏት። ሁለቱም በአንድ ትንፋሽ።

ሲናገሩ የቃሉን ብቻ ሳይሆን አብሮ የመጣውን ግሥ ጻፉ። ለመቅዳት አስፈቅዱ። ያሉትን ከጋዜጣው ጋር አትቀላቅሉት፣ ደብተሩ ላይ ለብቻው ገጽ ስጡት። ትዝታ ሌላ ነው፣ የታተመ ሌላ ነው።

የፎቶዎቹን ስም ደግሞ ዛሬውኑ አስተካክሉ፦ የጋዜጣው ስም፣ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ገጽ። እኔ ሦስት መቶ ምናምን ፎቶ ያለ ስም አስቀምጬ ስልኬ አዘዞ ሚኒባስ ውስጥ ሲጠፋ አንዱንም መልሼ ማግኘት አልቻልኩም። ደብተሩ ግን ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።